የአቃቂ ቁርጥማት

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በቁርጥማት ምክንያት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ሳለ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ወዳለው ፍልውሃ ወርደው፣ በዚያው አካባቢ ቤት እንዲሠራላቸው ምኒልክን ጠየቁ። መኳንንቱም እየተከተሉ ድንኳን ተከሉ፤ ቆይተውም ቤት ሠሩ። የእንጦጦ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ንጉሡንም ቁርጥማት ያስቸግራቸው ስለነበር ሙቁ ውሃ መድኃኒታቸው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ መገጣጠሚያውን የታመመ ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ፍልውሃ ሲመጣ ኖሯል።

የእኔ ነገር ግን የሚጀምረው ከቤተ መንግሥቱ ራቅ ብሎ፣ የከተማዋ ወንዞች በሚወርዱበት በደቡቡ ጫፍ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ ነው፤ በጤና ረዳትነት ያገለገልሁትም እዚያው ነው። ቁስል አጥቤአለሁ፣ መርፌ ወግቻለሁ፣ አዋልጃለሁ። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ደም የማይታይበት፣ እብጠት የሌለው፣ ከሰው ጋር ውሎ የሚያድረው ሕመም ነበር።

አቃቂን የሥራ ሰፈር ያደረጋት ሐዲዱ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ በመስመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ወንዙ፣ ለጥ ያለው ሜዳና ሐዲዱ አንድ ላይ ፋብሪካ ጠሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የህንዱ የቢርላ ቤተሰብ ገንዘብ ያለበት ኢንዶ ኢትዮጵያን ጨርቃ ጨርቅ ሥራ ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. ሌሎች ብዙ ድርጅቶች ሲወረሱ እሱም ወደ መንግሥት ዞረ። በደርግ ዘመን የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተጨመረ። ከገጠር እርሻ ላይ በቀጥታ የመጣ ሰው በሺፍት መግባትን፣ በደወል መብላትን፣ ሌሊቱን ቆሞ ማንጋትን እዚህ ተማረ።

እናቴ ከአካባቢው ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው፤ በማሽኖቹ መካከል እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር መቀጠል። ክሩ ግን የሚበጠሰው ወገብ ከሚያስጎነብስ ቦታ ላይ ነው፤ ማሽኑም አይጠብቅም። ከሥራ ስትመለስ ጥጡ ሻሿ ላይ ብናኝ ሆኖ ይታያል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ስለሚቀር እቤት ከገባችም በኋላ ለረጅም ሰዓት ጮክ ብላ ነበር የምታወራው። ወገቧ የጀመራት አርባ ዓመት ሳይሞላት ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ጨው በምጣድ ይጋልና በጨርቅ ተቋጥሮ ወገቧ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ መቀነቷን እጥፍ አድርጋ ጥብቅ ታደርገዋለች። ዋገምትም ተደረገላት። አሮጊቷ ባለሙያ የከብት ቀንዱን አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ወገቧ ላይ ደፋችው፤ በጫፉ ባለው ቀዳዳ በአፏ አየሩን ስባ ሰሙን በምላሷ ገፍታ ደፈነችው። ቆዳው ቀንዱ ውስጥ ሲነፋ ነቅላ በምላጭ ጫር ጫር አደረገችና መልሳ ደፋችው። ጥቁር ደም ረግቶ ሲወጣ የተሰበሰቡት ሴቶች «ይኸውና፣ ይኸው ነበር!» አሉ። እናቴ ያን ሌሊት ደህና ተኛች። ያዳናት ደሙ መውጣቱ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ። የጎረቤት ሴቶች ከሰዓት በኋላቸውን ሁሉ በእሷ ወገብ ዙሪያ ተቀምጠው ማሳለፋቸው ግን ከንቱ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ሕመሙ ሲመለስ ወደ ወጌሻ ሄድን። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ የኦሮሞ አዛውንት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል። እጃቸውን ወገቧ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት በረጅሙ ጠየቋት።

«ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ የባሰብሽ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው ኦቦ።»

«ከፋሲካ በፊት ምን ነበረ?»

እናቴ ዝም አለች። ከፋሲካ በፊት ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቶ ነበር። ይህንን ስትነግራቸው አዛውንቱ «ያመመሽ ልጅሽ ነው» አላሏትም። «ምንም የለሽም» አላሏትም። የተነጠረ ቅቤ በእጃቸው አሙቀው ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ እያሹ፣ እየተጫኑ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየመረቁ ሠሩ። ስለ ልጁ እየጠየቋት፣ የትኛው ክፍለ ጦር እንደሆነ፣ ማን አብሮት እንደሄደ እያስወሯት ነበር የሚያሹት። ሥጋዋን ከልቧ ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያዙላት። ስንመለስ መንገዱን ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሕመሙ በሳምንቱ ሲመለስም እንደ በፊቱ አላስፈራትም።

ስለ ወጌሻ ስጽፍ ጉዳቱን ብደብቅ በሙያዬ ላይ እዋሻለሁ። የተሰበረ የልጅ ክንድ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም ተቋርጦበት፣ ጣቶቹ ጠቁረው እኛ ዘንድ ሲመጣ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው እጅ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። አንድ ምላጭ በብዙ ሰው ላይ የሚያልፍበት ዋገምትም በኤችአይቪና በጉበት በሽታ ዘመን አደጋ ነው። ልጄን ለስብራት ወደ ወጌሻ አልወስድም። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ምላጭም ቀርከሃም አልነበረውም፤ እኛም በሕክምና ቤት በር ስንገባ ያን ጥያቄ ከውጭ ትተነው ገባን።

የሕክምና ቤቱ ወረፋ የሚጀምረው ሳይነጋ ነው። ወገቤን ያለች ሴት ካርድ ታወጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ጥቂት ደቂቃ ትታያለች፣ ራጅ ትላካለች። ራጁ ንጹሕ ከሆነ «ምንም የለሽም» ተብላ ፓራሲታሞል ወይም የዲክሎፍናክ መርፌ ይዛ ትወጣለች። ያ ቃል የምሥራች እንዲሆን ታስቦ የሚነገር ነው። ለታመመው ግን ውሸታም የመባል ያህል ነው። ባሏ ሰማ፣ አማቷ ሰማች፣ የፈረቃ ኃላፊዋ ሰማ፤ ምንም የላትም። ከዚያ ወዲያ ሕመሟን ለማስረዳት ስትል ከበፊቱ የበለጠ ማቃሰት፣ ከበፊቱ የበለጠ መተኛት ግድ ይሆንባታል። በተኛች ቁጥር ጡንቻዋ ይላላል፤ በላላ ቁጥር ትንሹ እንቅስቃሴ ያማታል፤ ባመማት ቁጥር መንቀሳቀስ ያስፈራታል። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ሕመም በዚህ ዓይነት የራሱ ሕይወት ያለው ነገር ይሆናል።

ዓለም ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በጣሊያን ግንባር ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች ብዙዎቹ ማስታገሻ እንደማይፈልጉ አስተውሎ በ1946 እ.ኤ.አ. ጻፈ። በሰላሙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ቁስል የሚጮህ ሰው ብዙ ነው። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦርነት መውጫ ነበር፤ ለሲቪሉ የኑሮ መናጋት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጡት የአቃቂ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ለእነሱ የወገብ ሕመም የነገ እንጀራ መቅረት፣ የቤት ኪራይ ማጣት፣ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ማለት ነው። ያ ሁሉ ሐሳብ ወገባቸው ላይ አብሮ ይጫናል።

በ1965 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ነገሩን ከነርቭ በኩል አሳዩ። የሕመም መልእክት ከቆዳና ከጡንቻ ተነስቶ አንጎል ከመድረሱ በፊት አከርካሪ ውስጥ በር አለው አሉ። መታሸትና መዳሰስ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ፍርሃት፣ ሐዘን፣ ሕመሙን ብቻ እያዳመጡ መዋል ደግሞ ከላይ ከአንጎል በሚመጣ ትእዛዝ ይከፍተዋል። ዝርዝሩ በኋላ ተሻሽሏል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል። ኋላም የረጅም ጊዜ ሕመም ነርቮቹን ራሳቸውን እንደሚያስቆጣ፣ የተጎዳው ሥጋ ከዳነም በኋላ መልእክቱ ሊቀጥል እንደሚችል ታወቀ። እንግዲህ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው በእውነት ሊታመም ይችላል ማለት ነው። የአዛውንቱ ቅቤም፣ «ከፋሲካ በፊት ምን ነበረ?» ማለታቸውም ሁለቱም በዚያው በር ላይ ይሠሩ ነበር።

ሕጉ ግን አሁንም የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ የአካል ጉዳቱ መጠን በሕክምና ቦርድ ተወስኖ በመቶኛ ይጻፋል። የተቆረጠ ጣት መቶኛ አለው። ለዓመታት ጎንብሶ ክር የቀጠለ ወገብ መቶኛው ስንት ነው? ቦርድ ፊት ቀርበው «ያመኛል» ከማለት ሌላ ማስረጃ ያልነበራቸውን ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ሲመለሱ አግኝቻቸዋለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያልታመኑበት ቀን ነበር የሚያስለቅሳቸው።

ከሁሉ የማትረሳኝ አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። አንገቷና ትከሻዋ ለዓመታት ያማታል፤ ሌሊት አትተኛም። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን አዘዘላት። ለረጅም ጊዜ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚረዳ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ለምን እንደታዘዘላት ግን ማንም አልነገራትም። መድኃኒት ቤት ውስጥ አንዱ «ይሄ የአእምሮ ሕመምተኞች የሚወስዱት ነው» አላት። እሷም ፍሬዎቹን በሻሿ ጫፍ እንደቋጠረቻቸው ይዛ መጣች።

«ሲስተር፣ አብደሻል ነው የሚሉኝ?»

ተቀምጬ ስለ በሩ ነገርኋት። መድኃኒቱ የድብርት ሕመም መድኃኒት ሆኖ እንደተሠራ፣ ቆይቶ ግን በአነስተኛ መጠን የነርቭን ሕመም እንደሚያበርድ እንደታወቀ፣ መጀመሪያ ላይ አፏ እንደሚደርቅና ጠዋት እንደሚከብዳት፣ ጥቂት ሳምንት መታገሥ እንዳለባት አስረዳኋት። ማበዷን ማንም እንዳልጠረጠረ ስነግራት ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። ፍሬዎቹን ገና አልዋጠችም ነበር። ወሰደቻቸው፤ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እንቅልፏ ግን ተመለሰ፣ ሥራዋንም አልለቀቀችም።

ሌላው የሠራልኝ ነገር ሲያትል ውስጥ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልበርት ፎርዳይስ በ1976 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ካስፋፋው ሐሳብ ጋር ይገናኛል። የእኛ ሰው ደህና ቀን ሲያገኝ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጠዋት ያጥባል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይተኛል። ፎርዳይስ እረፍቱን ሕመሙ ሳይሆን ሰዓቱ ይወስን ይላል። ሲያምህ አትቁም፣ ሲሻልህም አታብዛ፤ ተመጥኖ ተጀምሮ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመር። ለአቃቂ እናቶች ይህን በቡና አስለመድኳቸው። በአቦል ጊዜ ተቀምጠው ይቆዩ፣ ለቶና ተነስተው ጀበናውን ራሳቸው ይጣዱ፣ ከበረካ በኋላ እስከ በሩ ሄደው ይመለሱ። የማትነቃነቅ የነበረች አንዲት እናት ከወራት በኋላ ለዕድር ስብሰባ በእግሯ መጣች።

አገሪቱም ቆማ አልቀረችም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2007 እ.ኤ.አ. የሕመም ማስታገሻ መመሪያ አውጥቷል፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽኑ የታመሙትን በየቤታቸው እየሄደ ያስታምማል። ትልቁ ለውጥ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች መዝገቡ ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ መመዝገቡ ነው። ሌላ በሽታ ባይገኝም ሕመሙ ስም አለው ማለት ነው። መዝገቡ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን የወገብ ሕመምተኛን የሚያንቀሳቅስ ፊዚዮቴራፒስትና የሚያዳምጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በአንድ ክፍል ቢቀመጡ ከዚህ በላይ የምመኘው የለኝም። ዛሬ በቂሊንጦና በቃሊቲ ያሉት ፋብሪካዎች የሚቀጥሯቸው ልጃገረዶች ያው የእናቴ ዓይነት ወገብ እየያዙ ነው፤ ሃያ አምስት ያልሞላቸው ናቸው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከሥራ ሲመለሱ በሬን ያንኳኳሉ። መድኃኒት መስጠት ትቻለሁ። አስቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ፤ መቼ ጀመረሽ፣ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምን ነበረ፣ ማን ያውቅልሻል፣ ሌሊት ምን እያሰብሽ ትነቂያለሽ። መልሱን በወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ነገ ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ራጁን ብቻ እንዳያሳዩት።