ሰይጣን ቤት በሲዲ

ባለፈው ሰሞን ቅዳሜ ማታ ጫጫ፣ አያቴ ቤት ነበርኩ። የጫጫን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከጋቢው የሚወጣ ሰው የለም። ላፕቶፔን ከፈትኩና «ዘ ሰቨንዝ ጌስት» የሚባል የድሮ ጌም መጫወት ጀመርኩ። የ14 ዓመቱ የአክስቴ ልጅ ለአምስት ደቂቃ አየና፣ «አስፈሪ ያልከው ይሄን ነው?» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አያቴ ግን የሴት መንፈስ በኮሪደሩ ስትንሳፈፍ ሲያዩ አማተቡ። «ኧረ አጥፋው ልጄ! የሞተ ሰው ቤቴ አታስገባብኝ!»

እኔ የምለው፣ ማናቸው ናቸው ልክ? ለመፍረድ ወደ 1993 እንመለስ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ታገሱኝ)።

ያኔ ጌም በብዛት የሚሸጠው በፍሎፒ ነበር። አንድ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ይይዛል፤ አንድ ሲዲ ደግሞ 650 ገደማ። የ450 ፍሎፒ ሸክም ማለት ነው! ችግሩ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ሰዉ ጌም ስለሌለ ማንበቢያውን አይገዛም፤ ኩባንያዎቹም ገዢ ስለሌለ ጌም አይሠሩም። የቨርጂን ጌምስ ሠራተኞች የነበሩት ግሬም ዴቫይንና ሮብ ላንዴሮስ ሀሳባቸውን ይዘው አለቃቸው ማርቲን አልፐር ዘንድ ቀረቡ። አለቅየው አባረራቸው። ደግነቱ፣ ያባረራቸው የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ጌሙን እንዲሠሩለት ነው። ትሪሎባይት እንዲህ ተወለደ።

ታሪኩ የአሻንጉሊት ሠሪው የስታውፍ ነው። አሻንጉሊቱን ያቀፉ ልጆች በማይታወቅ በሽታ ያልቃሉ፤ እሱ ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤት ሠርቶ ስድስት እንግዶች ይጠራል። ሰባተኛው ማነው? ይህን ለማወቅ በየክፍሉ እንቆቅልሽ መፍታት ነው። የራስ ቅልና የመቃብር ድንጋይ የተደረደረበት ኬክ ለስድስት እኩል ማካፈልም አለ። የማውሱ ቀስት ራሱ የአጽም እጅ ነው፤ መንገድ በሌለበት ጣቱን እያወዛወዘ «አይሆንም» ይላችኋል።

የዘመኑ ሲዲ ማንበቢያ በሴኮንድ የሚሰጠው 150 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዴቫይን ቪዲዮውን በዚያች ቀጭን ቱቦ ለማሳለፍ ማመቅ ነበረበት። ተዋንያኑ በሰማያዊ መደብ ፊት ተቀርጸው መደቡ ሲቆረጥ ዙሪያቸው ጭጋግ መሰል ነገር ቀረ። ሠሪዎቹም አላጠፉትም፤ መንፈስ አስመሰሉበት። ጉድለቱ ራሱ አስፈሪ ሆነ። ጌሙ በሁለት ሲዲ ወጥቶ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ብዙ ሰውም ለሱ ሲል ማንበቢያ ገዛ።

እንግዲህ ያኔ ያስፈራው ስታውፍ ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተር ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየቱም ነው። እኛ ደግሞ ይህን ቀድመን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ምን ብሎ ጠራው? «ሰይጣን ቤት»! ከጫጫ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. (በኛው) የተወለዱት ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜም ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው ተቃወሙ ይባላል። ዛሬ ስልኩም ሲኒማውም ማንንም አያስፈራም። የአክስቴ ልጅ ሳቀ ብዬ ልቆጣው አልችልም፤ እሱ ከመወለዱ በፊት ፍርሃቱ አርጅቷል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ያ ሲዲ በዛሬ ኮምፒውተር እንዲሁ አይከፈትም። እኔ ያጫወትኩት ከ2001 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ስካምቪኤም በሚባል ፕሮግራም ነው። ገንዘብ ሳይከፈላቸው፣ የሌላ ሰው ጌም እንዳይሞት ብለው!

እሁድ ጠዋት አያቴ ከሳጥናቸው አንድ የቪዲዮ ካሴት አውጥተው ሰጡኝ። የአጎቴ ሠርግ ነው። «አያትህ ሲጨፍሩ አለበት። በዚያ ነገርህ ታጫውተዋለህ?» አያቴ ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ማታ የሞተ ሰው ቤቴ አይግባ ያሉት እሳቸው ናቸው።

አልቻልኩም። የካሴቱን ዴክ ከየት ላምጣ? ለፈረንጁ መንፈስ ፕሮግራም ተጽፎለታል፤ ለአያቴ ባል ግን ማንም አልጻፈም። የካሴቱ ቴፕ ደግሞ በየዓመቱ እየደከመ ነው።

ካሴቱ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የሚሠራ ዴክ እያፈላለግኩ ነው። እናንተም እስቲ የቤታችሁን ቁምሳጥን ክፈቱ። ማን እየጨፈረ እንደሚጠብቃችሁ አታውቁም።