ማሲንቆና ቫዮሊን፦ የሁለት ደጋኖች ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያመራው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ መርሳ ይዘልቃል። ከውርጌሳ በስተደቡብ የሚገኘው የአምባሰል ምድር ለአገራችን ሙዚቃ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለአንደኛው ስሙን ሰጥቷል። ለፖለቲካ ታሪካችን ደግሞ የሰጠው የውጫሌን ውል ነው።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። የጣልያንኛው 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በኢጣልያ በኩል ብቻ እንዲሆን የሚያስገድድ ሲሆን፣ የአማርኛው ቃል ግን ይህን ለፈቃዷ የተወ ነበር። አንድ ሕዝብ በራሱ አንደበት ይናገር ወይስ በሌላ አንደበት የሚለው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተፈታ።

ውሉ በተፈረመ በአራተኛው ቀን ፓሪስ ላይ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ክሎድ ደቡሲ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ደራሲ በዚያ የጃቫን ሙዚቀኞች ሰማ። ሁለቱ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት አይገናኙም፤ የሚያነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነው። ደቡሲ ከእስያ የሰማውን አልናቀም፤ አልገለበጠምም። በ1903 እ.ኤ.አ. ለፒያኖ የደረሰው «ፓጎዳዎች» የተሰኘ ሥራ በአብዛኛው የቆመው በአምስት ድምፆች ላይ ነው፤ የድምፆቹም አደራደር ከእኛ ሙሉ ትዝታ ጋር ይመሳሰላል። ይህ ማለት ከኢትዮጵያ ወሰደ ማለት አይደለም፤ የአምስት ድምፅ ሙዚቃ ብዙ ሕዝቦች የሚጋሩት ሀብት መሆኑን ያሳያል እንጂ። ይኸው ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ሕመም ጸንቶበት ሳለ፣ የመጨረሻ ሥራው የሆነውን የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ በ1917 እ.ኤ.አ. ፈጸመ። በዚያ ዘመን በሶናታዎቹ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ከሌላው መማር የራስን ስም አላስጣለውም።

ቫዮሊንም ቢሆን ለፈረንሳዮች ከውጭ የመጣ መሣሪያ ነው፤ ቅርጹን ያገኘው በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ነበር። ዣን ማሪ ሌክሌር በ18ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይን የቫዮሊን ስልት መሠረተ። ፍራንሷ ቱርት የዛሬውን ደጋን ቅርጽ አስያዘ። በ1795 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራን የማስተማሪያ ዘዴ አወጡ፤ የክሩዘር 42 መልመጃዎችም ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ይጠናሉ። የዚህ ስልት እምብርት ቀኝ እጅ ነው። ደጋኑ ሲከብድና ሲቀል፣ ሲፈጥንና ሲዘገይ፣ እንደ ትንፋሽ ቃልን ይከፍላል፤ ያያይዛል።

ይህን ምስጢር የወሎ አዝማሪ ከአባቱ ተቀብሎታል። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ጅማቱም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። የግራ እጅ ጣቶች ጅማቱን ይነኩታል እንጂ ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቁትም። የማሲንቆም የቫዮሊንም አንገት ድምፅን የሚወስን መከፋፈያ ስለሌለው፣ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው የተጫዋቹ ጆሮ ነው። ፒያኖ በተወሰነ ልክ የተቃኘ ስለሆነ ሊደርስባቸው የማይችላቸውን የአምባሰልን ጥቃቅን ዝንባሌዎች ቫዮሊን ሊደርስባቸው የሚችለው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የምዕራቡ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በመለከትና በከበሮ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም የነፋስ መሣሪያ ሙዚቀኞች ነበሩ። የመንግሥት ሰልፍና የቤተ መንግሥት ክብር የሚሹት ይህንኑ ነበርና። ቫዮሊንን የመሳሰሉ ባለ ክር መሣሪያዎች ሥፍራ ያገኙት ከነጻነት በኋላ ነው። በዚሁ ሁሉ ዘመን፣ ገዥው መደብ በግብር አዳራሹ የአዝማሪውን ውዳሴ እየተቀበለ አዝማሪውን ራሱን ይንቅ ነበር።

ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ከጣሩት አንዱ አሸናፊ ከበደ (1938–1998 እ.ኤ.አ.) ነው። በአሜሪካ የምዕራቡን ሙዚቃ ተምሮ ተመለሰ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። በ1967 እ.ኤ.አ. የደረሰው «ኮቱሬዥያ» ፍሉትን፣ ክላርኔትን፣ ቫዮሊንንና የጃፓኑን ኮቶ በአንድነት አሰልፏል። ትምህርት ቤቱም ቫዮሊንና ማሲንቆ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጡበት ተቋም ሆነ።

ሆኖም በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ብቻውን መነጋገር አይደለም። ማሲንቆን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያይ አስተሳሰብ አለ፤ ቫዮሊንን የባዕድ ዕቃ ብሎ የሚገፋም አለ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የመጀመሪያው ሕዝቡን መምህር ከመሆን ይከለክለዋል፤ ሁለተኛው ተማሪ ከመሆን። በውርጌሳ ገበያና ሠርግ የማሲንቆን ድምፅ እየሰማ ያደገ ልጅ ቫዮሊን ሲይዝ ከባዶ አይጀምርም። መምህሩ በመጀመሪያ አምባሰልን አስጫውቶት፣ ጆሮውን አስከብሮ፣ ከዚያ ወደ ሌክሌርና ወደ ደቡሲ ቢያሻግረው የፈረንሳይን ሙዚቃ በትሕትና ሳይሆን በእኩልነት ይጫወታል።

የውጫሌ ውል ያስተማረን ከዓለም ጋር አለመነጋገርን አይደለም፤ በራስ አንደበት መነጋገርን ነው። ለሙዚቀኛም አንደበቱ ደጋኑ ነው።