ያልታጠበው ፎቶ

እናቴ አልበም ውስጥ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ አንድ ፎቶ አለ። ጠርዙ ነጭ ነው፤ ከታች በኩል ደግሞ ነጩ ሰፋ ይላል። በ1985 ዓ.ም. ከአሜሪካ ለጥየቃ የመጣችው አክስቴ በፖላሮይድ ካሜራ ያነሳችው ነው። አያቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲቀዱ ያሳያል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ፎቶው ጥሩ አይደለም። የአያቴ ነጠላ ቢጫ ሆኗል፤ ጥቁሩ ጀበና ቡናማ መስሏል፤ ፊታቸውም በጭስ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። የሚገርመው ግን እዚያው ገጽ ላይ፣ ከዚህኛው ቢያንስ ሃያ ዓመት የሚቀድም ጥቁርና ነጭ የፎቶ ቤት ፎቶ አለ። እሱ ዛሬም ትናንት የተነሳ ነው የሚመስለው። ታዲያ ታናሹ አርጅቶ ታላቁ እንዴት ወጣት ሆነ? የዛሬው ወጋችን የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1943 ነው። ኤድዊን ላንድ የሚባል አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ ከተማ ሄዷል። ላንድ ሃርቫርድን አቋርጦ የወጣ፣ በ1937 ፖላሮይድ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመ ሰው ነው። ኩባንያው ያኔ ካሜራ አይሠራም፤ የሚታወቀው የብርሃን ነጸብራቅ በሚቀንስ ስስ ፕላስቲክና በፀሐይ መነጽር ነበር። ታዲያ ላንድ የሦስት ዓመት ልጁን ፎቶ ሲያነሳት “ለምን አሁኑኑ አላየውም?” አለችው። እኛ ቤት ቢሆን “አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ!” ተብላ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ላንድ ግን ከተማዋ ውስጥ ብቻውን እየተዘዋወረ ማሰብ ጀመረ። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የካሜራውም የፊልሙም አሠራር በጭንቅላቱ ውስጥ ቅርጽ ይዞ ነበር።

እስቲ የፎቶ ቤቱን አሠራር እናስታውስ። “ፊልም አሳጠብኩ” እንል አልነበር? አባባላችን ትክክል ነው። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፤ ኔጌቲቭ ይወጣል፤ ከኔጌቲቩ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱም ኬሚካሉ እስኪለቅ በውኃ ይታጠባል። ኔጌቲቩ እስካለ ድረስ ደግሞ አንዱን ፎቶ አሥር ጊዜ ማሳተም ይቻላል።

ላንድ ይህን ሁሉ ካሜራው ውስጥ አስገባው። ብርሃን የሚቀበለው ፊልምና ምስሉን የሚይዘው ወረቀት ፊት ለፊት ተጋጥመው በሁለት ጥርምስ መካከል ሲያልፉ፣ ትንሽዬ የኬሚካል ከረጢት ፈንድታ በመካከላቸው ትሰራጫለች። ብርሃን የነካው ብር እዚያው ፊልሙ ላይ ይቀራል፤ ያልነካው ሟሙቶ ወደ ወረቀቱ ይሻገርና ምስሉን ይሠራል። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ መላጥ ነው። የተላጠው ይጣላል፤ በእጅ የሚቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ላንድ የካቲት 21 ቀን 1947 ኒው ዮርክ ውስጥ በተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ፊት የራሱን ፎቶ አንስቶ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ልጦ አሳያቸው። ኅዳር 26 ቀን 1948 ደግሞ ቦስተን በሚገኘው ጆርዳን ማርሽ የተባለ ትልቅ መደብር ካሜራው በ89.75 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። የቀረበው ሁሉ በዚያው ቀን አለቀ።

የፎቶው ጥራትስ? የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ እንኳ አልነበሩም፤ ቡናማ ነበሩ። በ1950 ጥቁርና ነጩ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተከተለ፤ ምስሉ መጥፋት ጀመረ። ወረቀቱ አይታጠብማ! ኩባንያው ያገኘው መላ ከፊልሙ ጋር ፈሳሽ የተነከረ መቀቢያ መስጠት ነበር። ሰው ፎቶውን እንደላጠ ቶሎ ቀብቶ ማድረቅ አለበት፤ ከረሳው ምስሉ ይደበዝዛል። ላንድ በ1949 ታዋቂውን ፎቶግራፈር አንሰል አዳምስን አማካሪው አድርጎ ነበር። የአዳምስ ሥራ ፊልሞቹን እየሞከረ ጉድለታቸውን መንገር ነው። በ1963 ባለቀለሙ ፊልም ወጣ። በ1972 ደግሞ ኤስኤክስ-70 የተባለው ካሜራ መጣና መላጥም መቀባትም ቀረ። ፎቶው ከካሜራው አፍ ወጥቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ዓይናችን እያየ ምስል ያወጣል።

የእናቴ አልበም እንቆቅልሽም እዚህ ላይ ይፈታል። የፎቶ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በውኃ በደንብ የታጠበ ብር ነው። የአክስቴ ፎቶ ግን የቀለም ንብርብር ነው፤ ከነኬሚካሉ ታሽጎ የቀረ። ከታች ሰፋ ያለው ነጭ ጠርዝ ለጌጥ የተተወ እንዳይመስላችሁ፤ የኬሚካሉ ከረጢት የነበረችው እዚያ ውስጥ ነው። አክስቴ እያራገበች ታደርቀው እንደነበር እናቴ ትናገራለች። ይሄ ከጥንቱ ፎቶ የተወረሰ ልማድ ነው፤ ለዚህኛው ግን ምንም አይጠቅመውም፣ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል።

እንግዲህ ጥራቱ ከፎቶ ቤቱ ካነሰ ሰው ለምን ተሻማበት? ምክንያቱም ተነሺው ፎቶውን እዚያው፣ በተነሳበት ቦታ፣ በገዛ እጁ ይይዘዋል። “ሳምንት ተመለሱ” የሚል የለም። ከባለቤቱ በፊት የሚያየው ባለ ፎቶ ቤትም የለም።

ፈጣን ፎቶ ሁሉ ግን እንደ አያቴ በረንዳ የፍቅር አይደለም። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ ፎቶው ያለበት የይለፍ ደብተር ይዞ እንዲንቀሳቀስ ይገደድ ነበር። ደብተሩን ሳይዝ የተገኘ ይታሰራል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ ይህንኑ ተቃውመው በወጡ ሰዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው ገድሏል። ሰውን አሰልፎ እያነሱ በደቂቃ ውስጥ ደብተር ላይ ለመለጠፍ ደግሞ ጨለማ ክፍል ከማይፈልግ ካሜራ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ጥቅምት 1970 ላይ ኬምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የፖላሮይድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጥቁር ሠራተኞች፣ ኬሚስቷ ካሮላይን ሃንተርና ፎቶግራፈሩ ኬን ዊሊያምስ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመታወቂያ ናሙና አዩ። የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሥሪያ ቤት መታወቂያ ነው። ኩባንያቸው እዚያ አገር እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። ባልደረቦቻቸውን አስተባብረው ተቃውሞ ጀመሩ፤ ሕዝቡም ፖላሮይድ እንዳይገዛ ቀሰቀሱ። ኩባንያው በ1971 “ለመንግሥቱ አልሸጥም” ቢልም በወኪሉ በኩል እዚያው መነገዱን ቀጠለ፤ ሃንተርንም ከሥራ አባረራት። በ1977 ወኪሉ ፊልሙን በድብቅ ለመንግሥቱ ሲሸጥ መቆየቱ ተጋለጠና ኩባንያው ጠቅልሎ ወጣ። የይለፍ ሕጉ የተሻረው ደግሞ በ1986 ነው።

ፈጠራው አንድ ነው። አያቴ ፎቷቸውን ሲይዙ ስቀዋል። ጆሃንስበርግ ላይ የራሱን ፎቶ በኪሱ የያዘው ሰው ግን የያዘው ፖሊስ እንዳያስረው ነበር።

ኋላ ዲጂታል ካሜራ መጣና ፖላሮይድ በ2001 ከሰረ፤ በ2008 ፊልም ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ፍሎሪያን ካፕስና አንድሬ ቦስማን የተባሉ ሰዎች ግን ኔዘርላንድስ፣ ኤንስኬዴ ከተማ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ ማሽኖች አዳኑ። ቅመሙ ግን አልዳነም፤ ከድሮዎቹ ኬሚካሎች ብዙዎቹን የሚያመርት ስለጠፋ ከባዶ መጀመር ነበረባቸው። በ2010 የወጣው ፊልማቸው የደበዘዘ፣ ከካሜራው እንደወጣ ከብርሃን ካልተሸሸገ የሚበላሽ ነበር። ሰው ግን ገዛው! እያደር ተሻሻለ፤ ከ2020 ጀምሮም ፖላሮይድ በሚለው በጥንቱ ስም ይሸጣል። በ1998 የተጀመረው የፉጂፊልም ኢንስታክስም ገበያው ደርቶለታል።

ባለፈው ሰሞን እናቴን “በስልኬ ላንሳውና ኮፒው ይኑረን፤ ቀለሙ እየሄደ ነው” አልኳት። የፈራሁት “አትንካው!” እንዳትለኝ ነበር። ዝም ብላ ፎቶውን አውጥታ ሰጠችኝ። እኔም መስኮት አጠገብ አንስቼ ለአክስቴም ለዘመድ አዝማዱም ላክሁ። ስጨርስ እጇን ዘረጋች።

“በል መልስልኝ” አለችኝ። “ያንተን ያንተው ያዝ። ይሄኛውን እማዬ ‘እኔ ነኝ? እኔ ነኝ?’ እያለች፣ ፊቷ እስኪወጣ ጠብቃ፣ በእጇ ይዛዋለች።”

እናንተም ቤት ከታች ነጩ ሰፋ ያለ ፎቶ ካለ ከግድግዳ አውርዱት፤ ፀሐይ አይወድም። ሳይደበዝዝም አንሱት። ዋናውን ግን እንዳትጥሉት።

ቸር እንሰንብት።