ከፍቺ በኋላ «ልጁ የኔ አይደለም» ማለት ቀለብ ያስቀራል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከቡይት ራስ አካባቢ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ መሥራት የተለመደ ነው። ባል ወራት ቆይቶ ሲመለስ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ልትሆን፣ ወይም ከተፋቱ በኋላ ልጅ ሊወለድ ይችላል። አንዳንዱ ይህን ጊዜ ይጠራጠራል፤ ቀለብ ሲጠየቅም «መጀመሪያ የኔ መሆኑ ይጣራ» ይላል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ጥርጣሬ ብቻውን ነሰብን አይቆርጥም፣ ቀለብንም አያስቀርም። ልጅን መካድ የሚቻለው በዳኛ ፊት፣ በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ሥርዓት ብቻ ነው።

ነሰብ የሚጸናው በምንድን ነው?

በኒካሕ ውስጥ የተጸነሰ ልጅ የባልየው ነው። መሠረቱ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ልጅ ለጋብቻው ፍራሽ ባለቤት መሆኑን የሚደነግገው ሐዲስ ነው። የእርግዝና ትንሹ ጊዜ ስድስት ወር እንደሆነ ዑለማዎች ከሱረቱል አሕቃፍ 46፡15 እና ከሱረቱ ሉቅማን 31፡14 አውጥተዋል፤ እርግዝናና ማጥባት በድምሩ ሠላሳ ወር፣ ማጥባት ብቻውን ሁለት ዓመት ተብሏልና።

የአገሪቱ ሕግም ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ቀን ይቆጥራል። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተጸነሰ ይቆጠራል። ጋብቻው መስከረም 1 ቢፈርስ እስከ ሐምሌ 1 የሚወለደው ልጅ አባቱ የቀድሞው ባል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፍቺው የጸናበት ቀን በጽሑፍ መያዝ አለበት።

የጥርጣሬው ስሌት

ልጁ ሚያዝያ 1 ተወለደ እንበል። ከ300ኛው እስከ 180ኛው ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጽንሱ ሊሆን የሚችለው ከሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ጥቅምት 1 ባለው ጊዜ ነው። ሐምሌ 1 ወደ ሁመራ የወረደ ባል ሰኔን ቤቱ ነበር። «እኔ አልነበርኩም» ማለቱ ምንም አያስረዳለትም።

የመልክ አለመመሳሰልም ማስረጃ አይሆንም። ከበኒ ፈዛራ የሆነ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ መውለዷን ሲናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ከቀያዮቹ መካከል የተለየ ቀለም ያለው እንዳለና ይህም ከዘር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ራሱ ሲናገር፣ የልጁም ነገር እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል አስረዱት።

ሊዓንና የመካድ ክስ

ባል እርግጠኛ ከሆነ መንገዱ በሱረቱ ኑር 24፡6-9 የተደነገገው ሊዓን ነው። ባል አራት ጊዜ በአላህ ይምላል፣ በአምስተኛው ቢዋሽ የአላህ እርግማን በራሱ ላይ እንዲሆን ይናገራል። ሚስትም በበኩሏ አራት ጊዜ ምላ፣ በአምስተኛው እርሱ እውነተኛ ከሆነ የአላህ ቁጣ በእርሷ ላይ እንዲሆን ትናገራለች። ውጤቱ ከባድ ነው፦ ባልና ሚስቱ ለዘለዓለም ይለያያሉ፤ ልጁ የተካደ ከሆነ ወደ እናቱ ብቻ ይጠጋል፣ ከሰውየውም አይወርስም። የሻፊዒይ፣ የማሊኪና የሐንበሊ ዑለማዎች ልጅን ለመካድ ከሆነ ከፍቺ በኋላም ሊዓንን ይፈቅዳሉ። ልጁን አንዴ «የኔ ነው» ብሎ የተቀበለ ግን መመለስ አይችልም። ያለ ሥርዓቱ በየሰፈሩ ስሟን ማጥፋት ቀዝፍ ነው፤ ከከባድ ወንጀሎች አንዱ ነው።

በመደበኛው ሕግም የመካድ ክስ የሚቀርበው ባል መወለዱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ዓመታት ዝም ብሎ ቀለብ ሲጠየቅ መካድ አያስኬድም።

ዲኤንኤስ? መካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ በ2002 ባደረገው 16ኛ ስብሰባ፣ በምርመራው ተመሥርቶ የጸና ነሰብን መካድም ሆነ ከሊዓን ማስቀደም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናት ሲቀያየሩ ወይም አባትነቱ ባልታወቀ ልጅ ላይ ክርክር ሲነሳ ግን ፈቅዶታል።

ቀለቡ የማን ነው? ስንት ነው?

ቀለብ የልጁ ሐቅ ነው። እናትየዋን መጥላት፣ እርሷ ሌላ ማግባቷም አያስቀረውም። ሱረቱል በቀራህ 2፡233 የእናትየዋን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ይጥላል። ሱረቱ ጦላቅ 65፡6-7 ደግሞ የተፈታች ነፍሰ ጡር እስክትወልድ እንድትቀለብ፣ ካጠባች የማጥቢያ ዋጋ እንዲከፈላት፣ ሰውም እንደ አቅሙ እንዲሰጥ ያዛል። ባሏ በቂ ቀለብ የነፈጋት ሂንድ ቢንት ዑትባ ስትጠይቅ፣ ለእርሷና ለልጇ የሚበቃውን በአግባቡ ከገንዘቡ እንድትወስድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውላታል።

መጠኑ በልጁ ፍላጎትና በአባት አቅም ይለካል። ገብስ አምራች ገበሬ በእህል ሊሰጥ ይችላል። የስሜን ተራሮች አስጎብኚ ወይም በቅሎ ነጂ ገቢው በቱሪስት ወቅት ስለሚመጣ፣ ስምምነቱ ይህን ቢያገናዝብ ይበጃል። ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ወደ ደባርቅ ለተዛወሩት ወገኖቻችን ግን የልጅ ምግብ ከገበያ የሚሸመት ነውና ቁርጥ ያለ የወር ገንዘብ ይሻላል።

የት ይቀርባል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። ሁለቱም ከተስማሙ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ አንዱ እንቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። በክልላችን መደበኛው ፍርድ ቤት የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የኒካሕ ወረቀት፣ የፍቺ ማስረጃ፣ የልደት ምዝገባና ምስክሮች ይዘጋጁ፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል።

ሽማግሌዎችና ኢማሞች ሲያስታርቁ ሁለቱን ጉዳዮች ይለዩ። የነሰብ ክርክር ካለ ወደ ቃዲ ይሂድ፤ ቃዲው እስኪፈርድ ድረስ ግን ልጁ ይብላ።

ወላሁ አዕለም።