አስቴር ጋኖ እና የወለጋ ያልተጻፉ ቋንቋዎች

በ1894 ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ አንድ የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ያሳተመው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ነው። ርእሱ «ጀልቀበ በርሲሳ»፣ ፊደሉ የግእዝ፣ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ። በውስጡ ከተሰበሰቡት ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ብዙዎቹን የሰበሰበችው ዕድሜዋ ገና ከሃያ ብዙም ያላለፈ አንዲት ወጣት ነበረች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቴር የተወለደችው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። በልጅነቷ የሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ ሆነች። በ1886 ዓረብ አገር ወስደው ሊሸጧት ባሕር ሲያሻግሯት የጣሊያን መርከብ ደርሶ አስጣላት፤ እምኩሉ ወደሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች። እናት አባት፣ ወገን፣ ቀዬ፣ ሁሉም ከኋላዋ ቀርቷል። አብሯት የተሻገረው ቋንቋዋ ብቻ ነበር። እሱን ግን ማንም ሊነጥቃት አልቻለም። አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ሰብስባ በጽሑፍ አሰፈረች። የአንድን ሕዝብ የቃል ሀብት ከቀዬዋ ተነቅላ የተሸጠች ልጅ ከቀዬው ርቃ በባዕድ የባሕር ዳርቻ ስታስቀምጥለት፣ ይህን የሚስተካከል ታሪክ በአገራችን ብዙ አላውቅም።

በእምኩሉ ያገኘቻቸው መምህር ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰባቸው ሰው ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነው። ሂካ በሕፃንነቱ አባቱን አጣ፤ ከዚያም ታፍኖ ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ምፅዋ ደረሰ። በ1870 በዚያ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በ1872 ተጠመቀ፤ ኋላም ስዊድን ሄዶ ተማረ። ከዚያ ወዲያ የኦነሲሞስ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ኦሮሞ አገር መመለስ። በ1880ዎቹ በሱዳን በኩል ሞከሩ፣ አልሆነም። በሸዋ በኩልም ሞከሩ፣ ተመለሱ። መንገዱ ሲዘጋባቸው እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ጀመሩ።

ችግሩ ግን ኦነሲሞስ ከአገራቸው የወጡት ገና ሕፃን ሳሉ መሆኑ ነው። የቋንቋው ጥልቀት ከእጃቸው አምልጧል። የአስቴር ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። ለትርጉም ሥራው መሠረት የሆነውን የቃላት ስብስብ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተርጓሚነቱ ክብር ግን ለኦነሲሞስ ብቻ ሆነ። ኦነሲሞስ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አስቴር ከጎናቸው እኩል መጠራት ይገባቸዋል። ለአስቴር ክብር መስጠት ከኦነሲሞስ ክብር አይቀንስም።

በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ነቀምቴን ያኔ የሚገዙት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። የሞሮዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ ማለት ናቸው፤ የቤተሰቡ ቤተ መንግሥት ዛሬም በከተማዋ አለ። ደጃዝማቹ እንግዶቹን በደስታ ተቀበሏቸው፤ በነቀምቴም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኦነሲሞስና አስቴር ያሳተሟቸው መጻሕፍት ዓመታት ቆይተው በመጨረሻ ቋንቋው ወደሚነገርበት አገር ደረሱ። ሕፃናቱ በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ ጀመሩ።

ሰላሙ ግን አልቆየም። የኦነሲሞስ ስብከት የአካባቢው የኦርቶዶክስ ካህናት በማያውቁት በኦሮምኛ መሆኑ ጥርጣሬን አባባሰ፤ ክስ ቀረበ። በ1906 ኦነሲሞስ አዲስ አበባ ተጠርተው በቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙ፤ ስደትም ተፈረደባቸው። ፍርዱን ዐፄ ምኒልክ ሽረው ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። ያን ክልከላ ያነሱት በ1916 ልጅ ኢያሱ ናቸው። ኦነሲሞስ በ1931 ነቀምቴ ውስጥ ዐረፉ። አስቴር ረጅም ዕድሜ ኖሩ፤ ያረፉት በ1964 ነው።

አስቴር በሕይወት ሳሉ የደከሙበት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አዩ። በ1944 በሚሲዮኖች ላይ የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። አፋን ኦሮሞ ከደብተር ወደ ጓዳ ተመለሰ። በደርግ ዘመን፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው እንደገና በግእዝ ፊደል ብቅ አለ፤ ከ1991 ወዲህ ደግሞ በቁቤ (በላቲን ፊደል) የትምህርት፣ የፍርድ ቤትና የቢሮ ቋንቋ ሆኗል። ዛሬ ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ የሚማር ልጅ በአያቱ ቋንቋ ፈተና ይቀመጣል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ረጅም ነው።

በሌላው ዓለምም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በሰሜን አሜሪካ የቸሮኪ ተወላጅ የሆነው ሴኮያ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል ለሕዝቡ ቋንቋ የራሱን ፊደል ፈጠረ፤ በ1821 ሥራው ተጠናቀቀ፤ በ1828 ቸሮኪዎች በቋንቋቸው ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1838 የአሜሪካ መንግሥት በወታደር ኃይል ከምድራቸው አፈናቀላቸው፤ በመንገድ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ፊደል መሬትን አላዳነም። ቋንቋቸው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ፊደሉ ባይኖር ኖሮ ሊጠፋ ይችል ነበር።

ወለጋ ውስጥ ደግሞ ይህ ዕድል ያልደረሳቸው ሕዝቦች አሉ። ቤጊ አካባቢ የሚኖሩት ማኦዎች ሆዞ እና ሴዜ የሚባሉ ቋንቋዎች አሏቸው። ተናጋሪዎቻቸው በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ኦሮምኛም ይናገራሉ። ቄለም ወለጋ ውስጥ የሚነገረው የአንፊሎ ቋንቋ ሁኔታ ከዚህ የከፋ ነው። በ1990 ገደማ በተመዘገበው መሠረት ተናጋሪዎቹ ከስድሳ ዓመት ያለፉ ጥቂት መቶ አዛውንት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት።

ማኦና ኮሞ በባሪያ ንግድ ዘመን እንደ አስቴር ያሉ ልጆቻቸውን ሲነጠቁ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በዚያ ንግድ የወለጋ ገዢዎችና ነጋዴዎችም እጅ ነበረበት። ይህ መነገር አለበት። የኦሮሞ ልጆች ተሸጠዋል፤ በኦሮሞ ገዢዎች አገርም ሌሎች ተሸጠዋል። አንዱን በደል እያነሣን ሌላውን የምንሸፋፍን ከሆነ ታሪክ እየተናገርን አይደለም። በጎረቤት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማኦና ኮሞ በክልሉ ሕገ መንግሥት በስማቸው ታውቀዋል፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው ማኦ ግን የሚኖረው ስሙን እምብዛም በማይሰማበት ምድር ነው።

ባለፉት ዓመታት ወለጋ በግጭት ስትናጥ፣ ሰዎች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ሲዘጉ አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጥቂት ሺህ ሰዎች ቋንቋ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ሰላም ሲርቅ ቀድመው የሚረሱት ትንንሾቹ ናቸው፤ አዛውንቶቹ ደግሞ ሰላም እስኪመጣ አይጠብቁም።

ሥራውን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አስቴር ብዕርና ወረቀት፣ የሚሰማ ጆሮም ነበራቸው። ዛሬ በየኪሱ ስልክ አለ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪዎች ወደ አንፊሎና ወደ ቤጊ ይሂዱ፤ ከአዛውንቶቹ ጋር ተቀምጠው ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ የዛፉንና የወንዙን ስም ይቅረጹ፣ ይጻፉ፤ በመጽሐፉም ሽፋን ላይ የነገሯቸውን ሰዎች ስም ያኑሩ።