የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት የምርጫ ታሪክ

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት በከተማው ነዋሪዎች የሚመረጡ 138 አባላት ያሉት የከተማው አስተዳደር ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ የከተማውን በጀት ያጸድቃል፤ በቻርተሩ በተሰጠው ሥልጣን ክልል አዋጆችን ያወጣል። ነዋሪው በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች የሚያገኘው አገልግሎት የሚመራባቸው ደንቦችና ተመኖች ከዚህ ምክር ቤት ወይም በእርሱ ከተቋቋመው አስፈጻሚ አካል የሚመነጩ ናቸው። በዚህ ምክንያት የምክር ቤቱን መቀመጫዎች በየዘመኑ እነማን እንደያዙ፣ መቼስ ያለባለቤት እንደቀሩ ማወቅ ለነዋሪው ጠቃሚ ይሆናል።

የከተማው ራስን በራስ የማስተዳደር መብት በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የተደነገገ ነው። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ዝርዝሩ በቻርተር ተወስኗል። የተሻሻለው ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 የምክር ቤቱን የሥራ ዘመን አምስት ዓመት አድርጎታል። ይህ ቁጥር በተግባር ሁልጊዜ እንዳልተጠበቀ ከዚህ በታች ይታያል።

የምርጫ ክልልና ወረዳ አንድ አይደሉም

ነዋሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ በመታወቂያቸው ላይ የተጻፈው የወረዳ ቁጥር ከምርጫ ክልላቸው ቁጥር ጋር የማይገጥመው ለምን እንደሆነ ነው። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ከመደራጀቷ በፊት በ28 ወረዳዎች የተከፈለች ነበረች፤ የምርጫ ክልሎቹም የተሠየሙት በእነዚያ ወረዳዎች ቁጥር ነው። አስተዳደሩ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ሲዋቀር፣ በቅርቡም ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲጨመር፣ የምርጫ ክልሎቹ የቀድሞ መጠሪያቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። ከወረዳዎቹ አንዳንዶቹ ተጣምረው አንድ የምርጫ ክልል ስለሆኑ የምርጫ ክልሎቹ ብዛት 23 ብቻ ሆኖ ሳለ ቁጥራቸው እስከ 28 ይደርሳል። ስለዚህ በምዝገባ ወቅት መጠየቅ ያለበት የመኖሪያ ወረዳው ቁጥር ሳይሆን የምርጫ ጣቢያው በየትኛው የምርጫ ክልል ሥር እንደሚገኝ ነው።

እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይልካል። ለከተማው ምክር ቤት ግን 138 መቀመጫዎች ለ23 ሲካፈሉ ለአንድ የምርጫ ክልል በአማካይ ስድስት ይደርሰዋል። አሸናፊ ለመሆን ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ማግኘት ይበቃል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልግም። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ በርካታ መቀመጫዎች በዚህ ሥርዓት ሲሞሉ፣ ብልጫ ያገኘው ፓርቲ ሁሉንም ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። የአዲስ አበባን ውጤቶች ለመረዳት ከዚህ ነጥብ የሚበልጥ ቁልፍ የለም።

ከዘውዱ ዘመን እስከ 1992 ዓ.ም.

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሕዝብ ምርጫ አልፈቀደም፤ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ምክር ቤቱ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ምርጫው በየአራት ዓመቱ እስከ 1965 ዓ.ም. ቀጠለ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩዎች በግል ይወዳደሩ ነበር።

በደርግ ዘመን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ በተለምዶ ቀበሌ የሚባሉትን፣ ፈጠረ። የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ በ1979 ዓ.ም. ሲደረግ ሀገሪቱ የምትመራው በአንድ ፓርቲ ነበር። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ ክልል 14 ተብላ በሰኔ 1984 ዓ.ም. በተካሄደው የክልልና የአካባቢ ምርጫ ተሳተፈች። በ1992 ዓ.ም. የተደረገውም ምርጫ ብርቱ ፉክክር የታየበት አልነበረም።

1997 እና 2000 ዓ.ም.

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ የተለየ ነበር። የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በራዲዮ ተላለፈ፤ መራጩ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ በአዲስ አበባ 23ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ለኢሕአዴግ የቀረው አንድ መቀመጫ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ ውጤት የተመረጠ ምክር ቤት ከተማዋን አላስተዳደረም። በሀገር አቀፉ ውጤት ላይ በተነሣው ውዝግብ ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. እና ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በተከሠቱ ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፋ። ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችና የ6 ፖሊሶች ሞት መዝግቧል። ቅንጅት በከንቲባነት የሰየማቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ጨምሮ የፓርቲው መሪዎች ታሠሩ፤ መቀመጫዎቹም አልተያዙም። በ1998 ዓ.ም. ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ገባች። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እስከተደረገው ምርጫ ድረስ አዲስ አበባ ነዋሪው ያልመረጠው አስተዳደር ነበራት ማለት ነው።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫው ሲደገም ኢሕአዴግ 137 መቀመጫዎችን ወሰደ። በሦስት ዓመት ልዩነት ያው ቁጥር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ዞረ። ከሕዝቡ አስተሳሰብ ለውጥ ይልቅ ይህን ይበልጥ የሚያስረዳው የተቃዋሚው ጎራ መከፋፈልና ከፉክክሩ መራቅ፣ እንዲሁም አሸናፊው ሁሉንም የሚጠቀልልበት የምርጫ ሥርዓት ነው። አቶ ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ ሆኑ።

ስምንት ዓመት የቆየው ምክር ቤት

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግ 138ቱንም መቀመጫዎች ይዞ አቶ ድሪባ ኩማ ከንቲባ ሆኑ። የዚህ ምክር ቤት የሥራ ዘመን በ2010 ዓ.ም. ሊያበቃ ይገባ ነበር። ሆኖም በሀገሪቱ በነበረው አለመረጋጋት የአካባቢ ምርጫው ተላለፈ፤ የምክር ቤቱም ዘመን በሕግ ተራዘመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ መሆን እንዲችል ተደረገ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ከተማዋን የመሩት በዚሁ ማሻሻያ ነው። በመቀጠልም ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተቆርጦ የነበረው ጠቅላላ ምርጫ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ። ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት ስምንት ዓመት ቆየ።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ተካሄደ። የኢሕአዴግን ቦታ የተካው ብልጽግና ፓርቲ የከተማውን ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች በሙሉ አገኘ። ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫዎች ደግሞ 22ቱን ሲያሸንፍ፣ አንዱ የግል ዕጩ ለነበሩት ለዲያቆን ዳንኤል ክብረት ሆነ። አዲሱ ምክር ቤት መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ አድርጎ መረጠ።

ለመራጩ

ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ መሆንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለስድስት ወራት መኖር ያስፈልጋል። ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላ የተዛወረ ነዋሪ፣ በተለይም በቅርቡ የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሶት የገባ፣ የስድስት ወሩን ገደብ አስቀድሞ ሊያሰላ ይገባል። መራጩ በምርጫ ጣቢያው ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይሰጡታል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት ነው። በሁለተኛው ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ዕጩዎች ከምርጫ ክልሉ መቀመጫዎች ቁጥር መብለጥ የለባቸውም። በምዝገባ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ በዚያው ምርጫ ጣቢያ ለሚገኘው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል።