የቴዎድሮስ ቁርባን

አፄ ቴዎድሮስን በሴባስቶፖል መድፍና በመቅደላ ሽጉጥ እናስታውሳቸዋለን። በባልነታቸው የምናስታውሳቸው ግን ጥቂቶች ነን። በዘመናቸው ከነበሩ መኳንንት ከለዩዋቸው ነገሮች አንዱ ግን ለአንዲት ሚስት ማደራቸው ነበር።

የዚያ ዘመን ጋብቻ በአመዛኙ ሦስት ዓይነት ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ንብረታቸውን ተካፍለው መፋታት ይችላሉ። የደሞዝ ጋብቻ በተቆረጠ ክፍያ ይዘልቃል፣ በፈቃድ ይፈርሳል። በቁርባን የተጋባ ግን ሞት እስኪለየው ይጸናል። ስለዚህ ብዙው ምእመን ቁርባኑን ለሽምግልና ያቆየው ነበር። ይህ ልማድ እንደ ቸልተኝነት ሲነቀፍ ኖሯል። ለእኔ ግን ልብን የማወቅ ጥበብ ያለበት ይመስለኛል፤ ዓይን ሳይሰክን፣ ሐሳብ ከቤት ወጣ ገባ ማለቱን ሳይተው በሥጋ ወደሙ መታሰር ያስፈራል።

ካሳ ኃይሉ ሽምግልናን አልጠበቁም። በ1840ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ሲያገቡ ነገሩ የፖለቲካ ነበር። እቴጌ መነን የልጅ ልጃቸውን የዳሩት አስቸጋሪውን የቋራ ሽፍታ ለማለዘብ ነው። ካሳ አልለዘቡም፤ ጋብቻው ግን ሰመረ። ባልና አባት ጦር ሲማዘዙ ተዋበች ከባላቸው ጋር ቆሙ። በ1853 አይሻል ላይ የፈረሰው የገዛ አባታቸው ቤት ነበር።

ካሳ በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ የጓዳቸውን ሥርዓት የአገር ሥርዓት ለማድረግ ሞከሩ። ሰዉ ቁባቱን ትቶ በአንድ ሚስት እንዲጸና አዘዙ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንም ስለ ንጉሡ ሲጽፍ ይህን ጠባያቸውን በአድናቆት አንሥቷል።

በ1858 ተዋበች አረፉ። እዚህ ላይ የምኖርበት አገር አንድ ንጽጽር ያቀብለኛል። በዚያው ዘመን የዩታ ሞርሞኖች ብዙ ሚስት ማግባትን በይፋ ያስተምሩ ነበር፤ ያቆሙት በ1890 በወጣ አዋጅ ነው። ዛሬ ከሴንት ፖል አጠገብ ኦክዴል ባለው ቤተ መቅደሳቸው አንድ ባልና አንዲት ሚስት ከሞት ወዲያም እንዲዘልቁ ይተሳሰራሉ። በእነሱ እምነት የሞተችው ሚስት ሚስትነቷ አይቀርም። በእኛ ሥርዓት ሞት ይፈታል። ቴዎድሮስን ግን የፈታቸው ከመሐላው እንጂ ከፍቅሩ አይመስልም።

በ1860 ያገቧቸው ጥሩወርቅ፣ ድል የነሡትና ያሰሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። አለማየሁ ከዚህ ጋብቻ ተወለደ፤ ፍቅር ግን አልተወለደም። የመቅደላው እስረኛ ዶክተር ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ገብተው ሰላምታ ሲሰጡ ጥሩወርቅ ከዳዊታቸው ቀና አይሉም። ለምን ሲባሉ፣ ከእርሳቸው ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገሩ እንደሆነ መለሱ። ቴዎድሮስም ራሳቸው ወደከለከሉት ነገር ተመለሱ፤ ቁባቶች ያዙ፤ ከእነርሱም ይተመኙ የልባቸው ሰው ሆነች።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ለውጥ ከንጉሡ ጠባይ መክፋት ጋር አያይዘው ተዋበችን እንደ ልጓም ያቀርቧቸዋል። ይህ አገላለጽ ሴቲቱን የባሏ ጠባቂ ብቻ ያደርጋታል። ተዋበች ራሳቸው መራጭ ነበሩ፤ በአባትና በባል መካከል መርጠው ዋጋውን ከፍለዋል። የቴዎድሮስ ታማኝነት ለዚህ ምርጫ የተመለሰ ምላሽ ከሆነ፣ አዋጃቸው ለምን እንዳልዘለቀ ይገባናል። በሁለት ሰዎች መካከል የበቀለውን ነገር በነጋሪት አውጀው ለሕዝብ ሊያድሉት ሞከሩ።

ዛሬ በሚኒያፖሊስ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሙሽሮች በወጣትነታቸው በቁርባን ሲጋቡ ሽማግሌዎች ደስ ይላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ባል በክረምት ሌሊት ከሥራ ሲመለስ፣ መኪናው ውስጥ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ካህኑም ሽማግሌውም አያዩም። ቁርባኑ ሐሳብ እንዳይባዝን አያስርም፤ ከባዘነበት የሚመለስበትን ቤት ያመለክታል። ያን ቤት የሚያሞቁት ግን ሁለቱ ናቸው፤ በጥሩወርቅና በቴዎድሮስ ቤት ያጣነው ይህንኑ ነው።